ሚዛኑ በማን እጅ ነው?

«ለሠራ ይከፈለው፤ ላልሠራ ይቅርበት» ሲባል የሚከፋው ማን ነው? ማንም። እኔንም አይከፋኝም። ታዲያ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሲቪል ሠራተኞች በዚህ ውብ ቃል ተጠቅልሎ የመጣላቸውን አዲስ የደመወዝና የሥራ ደንብ «ይቅርብን» ብለው ለስድስት ዓመታት የተሟገቱት ሰነፎች ስለ ሆኑ ነው?

ሰሞኑን በሻይ ክበባችን ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ ተባብለናል። የማኔጅመንት ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችን «አዎን፣ ሌላ ምን ምክንያት አለው?» አሉን። በእነርሱ አስተያየት ያ ደንብ የዘመናዊ አስተዳደር ምሳሌ ነበር፤ ያፈረሱትም ወንበራቸውን ሙጥኝ ያሉ ሠራተኞችና የማኅበር መሪዎቻቸው ናቸው። እንዲያውም አንዱ ወዳጄ «እዚህም አገር ቢመጣልን!» እስከ ማለት ደረሰ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ የክፍል ሰዓት ደረሰ፣ ክርክሩም በእንጥልጥል ቀረ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ቀሪ ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገር፣ ሰዎቹ እነማን ናቸው? «መከላከያ» ሲባል ዐይናችን ላይ ድቅን የሚለው መድፍና የወታደር ጫማ ነው። ነገር ግን ከወታደሩ ጀርባ ሌላ ትልቅ ሠራዊት አለ። በኖርፎክና በፒዩጀት ሳውንድ የመርከብ ማደሻዎች ብረት የሚበይደው፣ በአላባማ ግዛት በአኒስተን ታንክ ፈትቶ የሚገጥመው፣ በጦር ሆስፒታል ቁስል የምታጥበው ነርስ፣ የወታደር ልጆችን የምታስተምረው መምህርት፣ መዝገብ የሚይዘው ጸሐፊ ሁሉ ሲቪል ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቁጥራቸው ወደ 700,000 ይጠጋ ነበር። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አውሮፕላኑ ፔንታጎንን በመታ ጊዜ በሕንጻው ውስጥ ከሞቱት 125 ሰዎች 70ዎቹ ሲቪሎች ነበሩ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ ነገር፣ እነዚህ ሠራተኞች ሥራ ማቆም በሕግ ተከልክለዋል። የፋብሪካ ወዝአደር ቢመረው መሣሪያውን አስቀምጦ ይወጣል፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ግን ይህን ቢያደርግ እንጀራው ይቆረጣል። በ1981 የአየር በረራ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ፕሬዚደንት ሬገን ከ11,000 በላይ የሚሆኑትን በአንድ ጊዜ አሰናብተዋቸዋል። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛው የሚመረኮዝባቸው ሦስት ምርኩዞች ብቻ ናቸው። አንደኛው በሕግ የተወሰነና ሁሉም ሰው የሚያየው የደመወዝ ሰንጠረዥ ነው። ሁለተኛው ስለ ሥራው ሁኔታ በማኅበሩ በኩል መደራደር ነው። ሦስተኛው ሲቀጣ ወይም ሲባረር ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ወዳለ ዳኛ ይግባኝ ማለት ነው። አንባቢ እነዚህን ሦስቱን ይያዝ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው።

ነባሩ የደመወዝ ሥርዓት በ1949 በወጣው ሕግ የቆመ ነው። የቢሮ ሠራተኛው በ15 ደረጃዎች ይመደባል፤ እያንዳንዱ ደረጃ 10 እርከን አለው። የጉልበት ሠራተኛው ደግሞ በአካባቢው ገበያ በሚከፈለው ልክ በተለየ ሰንጠረዥ ይከፈለዋል። ጉድለት የለውም አልልም። ከአንደኛው እርከን ተነሥቶ አሥረኛው ለመድረስ በመደበኛው መንገድ 18 ዓመት ይፈጃል። ጎበዙም ሰነፉም እርከኑን የሚወጣው በአንድ ዓይነት እርምጃ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ያስቆጣል? ያስቆጣል። ወጣቱ መሐንዲስ ትቶት ቢሄድ አይፈረድበትም። ጓደኞቻችን ይህን ባነሡ ጊዜ እውነታቸውን ነበር፤ እኔም እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ነገር ግን ያ ሰንጠረዥ አንድ ትልቅ ጠባይ አለው፤ በግልጽ የተሰቀለ ነው። ጸሐፊዋ አለቃዋን ሳትለማመጥ፣ ደጅ ሳትጠና፣ የደረጃዋንና የእርከኗን ገንዘብ አንብባ ማወቅ ትችላለች። አለቃው ቢጠላትም ከዚያ ላይ አንድ ሳንቲም አይነሣባትም።

አሁን ወደ አዲሱ ደንብ እንምጣ። ኢራቅ እየተወረረች ባለችበት በኤፕሪል 2003 የመከላከያ ሚኒስትሩ የዶናልድ ራምስፌልድ መሥሪያ ቤት ሐሳቡን ለኮንግሬስ አቀረበ። ኖቬምበር 24 ቀን 2003 ሕግ ሆነ። ስሙም «የብሔራዊ ደኅንነት የሠራተኞች አስተዳደር ሥርዓት» ተባለ። ስሙን ልብ በሉልኝ! ስለ ጸሐፊዋ ደመወዝና ስለ በያጁ የሥራ ሰዓት የሚናገር ደንብ «ብሔራዊ ደኅንነት» የሚል ካባ ለበሰ። እንግዲህ ማን ይቃወመዋል? የተቃወመ ሁሉ አገሩን የከዳ ሊመስል ነው። ዝርዝሩ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2005 ወጥቶ ለሕዝብ አስተያየት 30 ቀን ተሰጠ። በ30 ቀን ውስጥ ከ58,000 በላይ አስተያየት ጎረፈ። ያም ሆኖ የመጨረሻው ደንብ ኖቬምበር 1 ቀን 2005 ሲወጣ ዋና ዋናው ነገር እንዳለ ነበር።

ምን ይላል ደንቡ? ከደመወዙ እንጀምር። አሥራ አምስቱ ደረጃዎች ተጨፍልቀው ሰፋፊ መደቦች ሆኑ። ሠራተኛው በዓመት አንድ ጊዜ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። 3 ያገኘ አንድ ወይም ሁለት «ድርሻ»፣ 4 ያገኘ ሦስት ወይም አራት፣ 5 ያገኘ አምስት ወይም ስድስት ድርሻ ይደርሰዋል። ገንዘቡ የሚታደለው ሠራተኞች በቡድን በቡድን ከተመደቡበት የጋራ ቋት ነው። ነጥቡን መጀመሪያ የቅርብ አለቃ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የተቀመጠ ሸንጎ አይቶ ሊለውጠው ይችላል። የአንድ ድርሻ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ የሚታወቀው ሁሉም ነጥብ ከተሰጠና ቋቱ ከተከፋፈለ በኋላ ነው።

ይህ ያልገባው ተማሪ ቢኖር በእኛው ቋንቋ ላስረዳ። መምህርህ ፈተናውን አርሞ «ቢ» ሰጠህ እንበል። ወረቀትህን አይቶ የማያውቅ ኮሚቴ ደግሞ ተሰብስቦ «ሲ» ሊያደርገው ይችላል። ሲ ማለት ስንት ነጥብ ነው ብለህ ብትጠይቅ «እሱማ በየትኛው ሴክሽን እንደ ተመደብህ ነው» ይሉሃል። ጎበዞች በበዙበት ሴክሽን የገባህ እንደ ሆነ ያው ሲ ያንሳል፤ ሰነፎች በበዙበት ከገባህ ይበዛል። ውጤቴ ይታይልኝ ብለህ ብታመለክት ማመልከቻውን የሚያየው በዚያው ክፍል ያለው አለቃ ነው። እስቲ ጓዶች፣ እንዲህ ያለ ደንብ በዚህ ግቢ ቢታወጅ ማታውኑ በየመኝታ ክፍሉ ምን ይባል ነበር? «ለጎበዝ ተማሪ የሚጠቅም ደንብ» እንል ነበር?

ሁለተኛው የድርድሩ ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ የማይታወቅ እውነት አለ። የፌዴራሉ የቢሮ ሠራተኛ በደመወዙ መጠን ላይ ድሮም አይደራደርም፤ እሱ በሕግ የሚወሰን ነው። የሚደራደረው በምድብ፣ በፈረቃ፣ በትርፍ ሰዓት አደላደል፣ ከቦታ ወደ ቦታ ሲላክ በሚከተለው ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። አዲሱ ደንብ ደመወዙን ከሕግ ሰንጠረዥ አውጥቶ ለመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሲሰጥ፣ «እንግዲያው በዚህ ላይ እንደራደር» የሚል በር አልከፈተም። ጭራሽ የነበረውንም በር ዘጋው። ሚኒስቴሩ በሚያወጣው መመሪያ የተፈረመ የኅብረት ስምምነት ዋጋ ቢስ ሊሆን ይችላል። ጠብ ቢነሣ የሚዳኘው አዲስ ቦርድ ተቋቋመ፤ የቦርዱን አባላት የሚሾመው ማን ነው? ሚኒስትሩ ራሱ!

ሦስተኛው ይግባኙ ነው። ከ1978 ጀምሮ የተባረረ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ወዳለ ነጻ የይግባኝ ቦርድ ይሄድ ነበር። በአዲሱ ደንብ የቦርዱ ዳኛ ለሠራተኛው ቢፈርድ ሚኒስቴሩ ፍርዱን መርምሮ ሊለውጠው ይችላል። ቅጣቱ በዛ ተብሎ እንዲቀነስ ደግሞ «ፈጽሞ ምክንያት የሌለው» መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ በዛ ማለት ብቻ አይበቃም። ያለ አማራጭ የሚያስባርሩ ጥፋቶችንም ዝርዝር የሚያወጣው ሚኒስትሩ ነው።

እንግዲህ ሦስቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ እዩአቸው። አንዱን ብቻ ነጥሎ ያየ ሰው «ምን ክፋት አለው?» ሊል ይችላል። ነጥብ መስጠት ብቻውን ክፉ አይደለም፤ መደብ ማስፋትም ብቻውን ክፉ አይደለም። ነገሩ የሚገለጸው ሦስቱ ሲገናኙ ነው። ገበያ ወጥተን እህል ስንሸምት ነጋዴው ዋጋ ይጠራል፤ እንከራከራለን። ሚዛኑን ግን ሁለታችንም እናየዋለን፤ ካጠራጠረንም ሌላ ሚዛን አለ። እዚህ ላይ ግን ነጋዴው ዋጋውን ራሱ ቆረጠ፣ ሚዛኑን ጀርባው ላይ ደበቀ፣ የገበያውን ዳኛም ራሱ ቀጠረ። ከዚያ «ለጎበዝ ገዢ ጥሩ ዋጋ እሰጣለሁ» ይለናል። ሰጥቶ ይሆናል! ነገር ግን የሰጠ እንደ ሆነ ቸርነት ነው እንጂ መብት አይደለም። ሠራተኞቹ የተቃወሙት ይህንን ነው። «በሥራችን አትመዝኑን» አላሉም፤ «ሚዛኑን እናየዋለን» ነው ያሉት።

የጓደኞቻችን አንደኛ መልስ የታወቀ ነው፤ «ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነው፣ መከላከያ እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት አይደለም፣ ፈጣን መሆን አለበት» ይላሉ። እሺ። ፕሬዚደንት ኬኔዲ ለፌዴራል ሠራተኞች በማኅበር የመደራደርን መብት በትእዛዝ ያጸኑት መቼ ነበር? በጃንዋሪ 1962። ያ ዓመት እኮ በጥቅምቱ የኩባ ሚሳይል ነገር ዓለምን ከእሳት አፋፍ ያደረሰበት ዓመት ነው! የዚያን ጊዜው አደጋ ከ2003ቱ ያንስ ነበር የሚል ካለ ይቅረብና ይናገር። እንግዲህ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ቁጥር ልመለስ። በዚያ ዕለት በፔንታጎን የሞቱት 70 ሲቪሎች የሞቱት በሥራ ገበታቸው ላይ ወይም ለሥራ በሄዱበት ነው። ከእነርሱ መካከል የማኅበር አባል መሆኑ ከሥራው ያስቀረው አልነበረም። ታዲያ በየትኛው አመክንዮ ነው የእነርሱ መሞት የባልንጀሮቻቸውን መብት ለመግፈፍ ምክንያት የሚሆነው? ይህማ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው።

ሁለተኛ መልሳቸው ሳይንስ ነው። «ሥራ በሳይንስ ይለካል» ይላሉ፤ የቴይለርን ስም ይጠራሉ። ደግ አደረጉ፤ የቴይለርን ታሪክ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። የቴይለር መጽሐፍ በታተመበት በዚያው በ1911፣ በኦገስት ወር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በዋተርታውን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አንድ የቴይለር ተከታይ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ይዞ ወደ ብረት ማቅለጫው ክፍል ገባ። ሥራው በሰከንድ ይለካል፣ ከተቆረጠው ጊዜ የፈጠነ ጉርሻ ያገኛል ተባለ። አንዱ ሠራተኛ «አልለካም» አለ። እርሱ ሲባረር ባልንጀሮቹ ተከትለውት ወጡ፤ አንድ ሳምንት ያህልም ሥራ ቆመ። እነዚያም የመከላከያ ሲቪል ሠራተኞች ነበሩ። ኮንግሬስ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ቴይለርም ራሱ ቀርቦ መሰከረ። በመጨረሻ ከ1915 እስከ 1949 ድረስ ሰዓት ይዞ መለካትና ጉርሻ መክፈል ለእንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች በሚፈቀደው በጀት ላይ በሕግ ተከለከለ። ሠላሳ አራት ዓመት! በዚያ መካከል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አለ። አሜሪካ ያን ጦርነት ያሸነፈችው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎቿ ያለ ሰዓት ቆጣሪ እየሠሩ ነው። ታዲያ «ያለዚህ መለኪያ አገር አይጠበቅም» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ቅቤ ነጋዴ ድርቅ ያወራል።

ልብ በሉ፤ የ1911ዱ ሰዓት ቢያንስ የሚታይ ነበር። ሠራተኛው ሰዓቱን በዐይኑ ያየዋል፣ ሰከንዱን ይሰማዋል። የ2005ቱ «ነጥብ» ግን ከሰዓቱም የባሰ ነው። የነርስ ርኅራኄ፣ የመምህርት ትዕግሥት፣ የመርማሪ ድፍረት በስንት ሰከንድ ይለካል? አይለካም። ስለዚህ የሚለካው አለቃው ስለ እነርሱ ያለው አሳብ ነው። በተለይ የመርማሪውን ነገር አስቡት። መከላከያ ሚሊዮን ሳይሆን ቢሊዮን የሚንቀሳቀስበት ቤት ነው። «ይህ ሒሳብ ጎዶሎ ነው»፣ «ይህ ዕቃ ሥራው የተበላሸ ነው» የሚል ሰው የግድ ያስፈልገዋል። ደመወዙ፣ ምድቡና ይግባኙ በአንድ እጅ ከገባ ግን ያ ሰው አፉን የሚከፍተው በምን አንጀቱ ነው? ዝምታ ነጥብ የሚያስገኝ ከሆነ ሁሉም ዝም ይላል። እንግዲህ ለብሔራዊ ደኅንነት የሚበጀው የትኛው ነው፤ የሚናገር ሠራተኛ ወይስ አጎንብሶ እጅ የሚነሣ?

ሦስተኛ መልሳቸው «አድልዎ በድሮውም ሥርዓት አለ» የሚል ነው። አለ፤ ማን ካደ? ግን ያ የተሰቀለ ሰንጠረዥ ለምን እንደ መጣ ታሪኩን እንመልከት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ፓርቲ ባሸነፈ ቁጥር ከፖስታ ቤት ጸሐፊ አንሥቶ የመንግሥት ሥራ ሁሉ ለወዳጅ ዘመድ የሚታደል ግዳይ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን እዚያ የተፈጠረ ነው የሚያስመስል ጊዜ ነበር። በ1881 ሹመት ለምኖ የተከለከለ አንድ ሰው ፕሬዚደንት ጋርፊልድን በጥይት መታ፤ ፕሬዚደንቱም ሞቱ። በ1883 የመንግሥት ሥራ በፈተናና በችሎታ እንዲሆን ሕግ ወጣ። የደረጃው፣ የእርከኑ፣ የይግባኙ ነገር ሁሉ በዚያ መሠረት ላይ በኋላ የተገነባ ነው። ስለዚህ ያ «ግትር» የተባለው ሰንጠረዥ የሰነፎች መጠለያ ሆኖ አልተወለደም፤ በደጅ ጥናት ላይ የተሠራ አጥር ነው። አጥሩ አርጅቶ ይሆናል፤ ይጠገን። «አጥሩ ስላረጀ እናፍርሰውና በጌታው ደግነት እንተማመን» የሚል ግን ወይ ጌታው ነው ወይ ታሪክ አላነበበም።

ለመሆኑ ደንቡ መጨረሻው ምን ሆነ? ሠላሳ ስድስት ማኅበራት በአንድ ግንባር ተሰለፉ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2006 ዳኛ ኤሜት ሱሊቫን የድርድሩንና የይግባኙን ክፍል አገዱ። ያም ሆኖ ሚኒስቴሩ በደመወዙ በኩል ገፋበትና ኤፕሪል 30 ቀን 2006 የመጀመሪያዎቹን 11,000 ያህል ሠራተኞች አስገባ። በሜይ 2007 የይግባኙ ፍርድ ቤት በሁለት ለአንድ ድምፅ ለሚኒስቴሩ ፈረደ። ስለዚህ «ፍርድ ቤት አዳናቸው» ማለት አይቻልም፤ በፍርድ ቤትማ ተረትተው ነበር። ያዳናቸው ሳይታክቱ የእንደራሴዎቻቸውን በር ማንኳኳታቸው ነው። በጃንዋሪ 2008 ኮንግሬስ የመደራደሩንና የይግባኙን መብት መለሰ፤ የጉልበት ሠራተኞችንም ከሥርዓቱ አወጣ። በዚያው ዓመት የኮንግሬሱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት ሠራተኞች በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ በቆዩ ቁጥር ለእርሱ ያላቸው አስተያየት እየተበላሸ መሄዱን ገለጸ። ይህን ጓደኞቻችን ደግመው ያንብቡት! አዲስ ነገር መጀመሪያ ሲያስፈራ ቆይቶ ይለመዳል ይባላል። ይህኛው ግን በተለመደ ቁጥር ተጠላ። በመጨረሻም ኦክቶበር 28 ቀን 2009 በፕሬዚደንት ኦባማ ፊርማ ሕጉ ተሻረ፤ በሥርዓቱ ውስጥ የነበሩት ወደ 226,000 የሚጠጉ ሠራተኞች እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ወጥተው እንዲያልቁ ታዘዘ።

«እንግዲያው ያለፈ ነገር ነው፤ ምን አከራከረን?» የሚል ይኖራል። አላለፈም! ማርች 27 ቀን 2025 ፕሬዚደንት ትራምፕ ባወጡት ትእዛዝ የመከላከያ ሚኒስቴርንና ሌሎች ብዙ መሥሪያ ቤቶችን ሠራተኞች በማኅበር ከመደራደር መብት ውጭ አደረጉ። ምክንያቱ ምን ተባለ? ብሔራዊ ደኅንነት። ያው ካባ! ነገሩ እንደገና ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ኮንግሬስ ሄደ። በ1911 «ሳይንስ» ተባለ፣ በ2003 «ቅልጥፍና» ተባለ፣ በ2025 ደግሞ «ደኅንነት» ተባለ። ስሙ ይለዋወጣል፤ ሚዛኑን የመደበቁ ነገር ግን አንድ ነው።

የማኅበሮቹን መሪዎች መላእክት አድርጌ ልስላቸው አልፈልግም። ከእነርሱም መካከል የሠራተኛውን ጥያቄ ለራሱ ወንበር መቆሚያ የሚያደርግ አይጠፋም፤ ነባሩን ሥርዓት ከነዝገቱ «አትንኩብን» የሚልም አለ። የትም ያለ ነው። ግን የማኅበር መሪ ቢያጠፋ አባላቱ በምርጫ ያወርዱታል። ነጥቡን የሚቆርጠውን ሸንጎ ማን ያወርደዋል?

አሁን «እዚህም አገር ቢመጣልን» ላለው ወዳጄ አንድ ቃል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት አላቸው ይላል፤ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል የመብቱ ተጠቃሚ የሚሆኑት ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ ይተወዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል። እንግዲህ እኛ ከዚህ ግቢ ወጥተን አብዛኞቻችን የምንቀመጠው በማን ወንበር ላይ ነው? የአሜሪካው በያጅ ሦስት ምርኩዝ ነበረውና ሁለቱን ሲነጥቁት ጮኸ። እኛ ገና በእጃችን ስንት ምርኩዝ እንዳለ እንኳ አልቆጠርንም። በመሥሪያ ቤት ያለ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ ጠይቁ፤ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ እንዴት ይሞላል? ቅር ያለው ወዴት ይሄዳል? መልሱን ሰምታችሁ ስትመለሱ ያንን ደንብ «ይምጣልን» ትሉ እንደ ሆነ እናያለን።

ስለዚህ አቋሜ እንዲህ ነው። በሥራ መመዘንን አልቃወምም። የሚመዝነን ግን ሦስት ነገር ያሟላ። አንደኛ፣ መለኪያውና ዋጋው ከሥራው በፊት ይታወቅ፤ ከዓመት በኋላ የሚፈታ እንቆቅልሽ አይሁን። ሁለተኛ፣ መለኪያው ሲቀረጽ የሚለካውም ሰው በማኅበሩ በኩል ቃል ይኑረው። ሦስተኛ፣ የተበደለ ሰው አለቃው ባልሾመው ዳኛ ፊት ይቁም። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ሰንጠረዡ ይሻሻል፣ እርከኑ ይጠር፣ ጎበዙ ይቅደም፤ እኔም አጨበጭባለሁ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን የቀረበልን ነገር የደመወዝ ማሻሻያ አይደለም፤ ደጅ ጥናት ነው፣ ዘመናዊ ስም የወጣለት ደጅ ጥናት።

እነዚያ ሠላሳ ስድስት ማኅበራት ሥራ ማቆም የማይችሉ፣ በፍርድ ቤት የተረቱ፣ «ለአገር ደኅንነት አታስቡም» ተብለው ስማቸው የጠፋ ነበሩ። ሆኖም ስድስት ዓመት አብረው ቆሙ፤ ደንቡም ወደቀ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። ሰምተን የምናልፈው ከሆነ ግን ነገ በየቢሮው ገብተን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ «ዘንድሮ ስንት ሰጡኝ ይሆን?» እያልን የአለቃን ፊት ስናነብ መኖራችን ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ክርክሩ ግን አልቀዘቀዘም። መልስህን በሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ።